እኅቴ ጽንስ አስወርዳለች፤ ከእንግዲህ መቁረብ አትችልም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ታናሽ እኅቴ ከሁለት ዓመት በፊት ሳታገባ አርግዛ አስወረደች። ያኔ ጓደኞቿ «40 ቀን ስላልሞላው ገና ነፍስ አልዘራም» ብለዋት ነበር። አሁን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከደጅ ተሳልማ ትመለሳለች እንጂ ወደ ውስጥ አትገባም። እናታችን ካወቀች ወዲህ ደግሞ «ነፍሰ ገዳይ» ትላታለች። እውነት 40 ቀን የሚባል ነገር አለ? ምሕረትስ ታገኛለች?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኅቴ። ከ40 ቀኑ ልጀምር። እኛ 40 እና 80 የምንለው ክርስትና የሚነሣበትን ቀን ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን፣ ያውም ከተወለዱ በኋላ! አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ከሚለው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ጋር የተያያዘ ነው እንጂ ጽንስ ለማስወረድ የተሰጠ ቀጠሮ አይደለም። ከጥንት የቤተ ክርስቲያን አባቶች አንዱ የሆነው ቅዱስ ባስልዮስም ጽንሱ ቅርጽ ይዟል አልያዘም እያልን አንለይም ብሏል።

በዓላቱን አስቢያቸው እስቲ። ነሐሴ 7 የእመቤታችን ጽንሰት ነው፤ በፍልሰታ ጾም መካከል። መጋቢት 29 ደግሞ ጌታ የተፀነሰበት ቀን ነው፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ስትቆጥሪ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይመጣል። የምናከብረው የተፀነሰበትን ቀን እንጂ 40ኛውን አይደለም። ስለዚህ ማስወረድ ኃጢአት ነው፤ ይህን ላለሳልስልሽ አልችልም። «ሕግ ፈቅዶ የለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ መደፈርን፣ የእናትን ሕይወትና ጤንነት የመሳሰሉ ምክንያቶችን ይዘረዝራል። ያ ግን የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ እኔ የምናገረው ስለ ንስሐ ነው። ተደፍራ ወይም ልትሞት ስትል የተደረገላትን ሴት ደግሞ ከሌላዋ ጋር በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጣት ካህን አላውቅም።

ምሕረቱን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ314 በዛሬዋ አንካራ የተሰበሰቡ አባቶች፣ ቀድሞ ያስወረደችው እስከ ዕለተ ሞቷ ከቁርባን ትከልከል ይል የነበረውን ቀኖና ወደ 10 ዓመት ዝቅ አድርገውታል። ባስልዮስም ይህንኑ 10 ዓመት ይዞ፣ ዋናው የዓመቱ ብዛት ሳይሆን የንስሐዋ ሁኔታ ነው ብሏል። ይህን የምነግርሽ ዓመት እንድትቆጥሩ አይደለም። ቀኖናውን የሚሰጣት የንስሐ አባቷ ነው፣ እሱም አቅሟን አይቶ። ከሌላት ትያዝ፣ ሄዳ ትናገር፤ ደጅ ላይ ቆሞ መመለስ ንስሐ አይሆንም።

እናትሽን በተመለከተ ግን ትንሽ ልናደድ። ሴት ልጅ ሳታገባ ስታረግዝ «አዋረድሽን፣ ጎረቤት ምን ይለናል» ብለን ከቤት የምናባርር እኛው ነን። ይህን ፈርታ ስታስወርድ «ነፍሰ ገዳይ» የምንልም እኛው! እኔ ንስሐ የሚቀበሉ ካህናትን ስጠይቅ የሚነግሩኝ፣ ብዙዎቹ ልጆች እግዚአብሔርን ክደው ሳይሆን አባታቸውን ፈርተው እንዳደረጉት ነው። እናትሽም ያን ጊዜ ልጇ ለምን ለእሷ መናገር እንዳልቻለች ራሷን ትጠይቅ፤ እሱም ለንስሐ አባት የሚነገር ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ እኅትሽ አለች፣ ጓደኞቿ አሉ፣ እናትሽ አለች። ያስረገዛት ሰውዬስ የት ሄደ? እሱም ንስሐ አባት ያስፈልገዋል፤ የምታገኙት ከሆነ ንገሩልኝ።