ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከፐብ ፐብ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ። እኔ እንግሊዝ ነው ያለሁት፣ ከመጣሁ ገና ቅርቤ ነው። ስራ ቦታ ማክሰኞ ፈረቃችን በጊዜ ያልቃልና ልጆቹ ፐብ ክሮል እንወጣለን አንተም ና አሉኝ፣ ከአንዱ ፐብ፣ መጠጥ ቤት ማለት ነው፣ ወደ ሌላው እየዞሩ መጠጣት ነው አሉ፣ አምስት ሰው ነን፣ አምስት ፐብም መርጠዋል። የገረመኝ ግን ከተማ መሀል አይደለም፣ ዳር ያለ ጭር ያለ መኖሪያ ሰፈር ነው። እኔ ደሞ ጠጪ አይደለሁም፣ ሁለት ጠርሙስ ቢራ ከጠጣሁ በቃኝ ነው። እምቢ ብል ኩራተኛ እንዳልመስል፣ ብሄድ ሰክሬ መሳቂያ እንዳልሆን ፈራሁ፣ ደሞስ በስራ ቀን እዛ ሰፈር ምን አለ ብለው ነው?

መልስ፦ ሂድ ወንድሜ። እንደውም ብዙ ለማይጠጣ ሰው አርብ ማታ ከተማ መሀል ከመጋፋት ማክሰኞ ከሰዓት ዳር ሰፈር በስንት ጣዕሙ። አርብ ማታ ቆመህ ነው የምትጠጣው፣ መቀመጫ የለም፣ ጓደኛህ የሚልህ አይሰማህም፣ የምትሰራው ስታጣ እሱኑ ትጠጣለህ። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ጋዜጣ የዘረጉ አንድ ሽማግሌ፣ እግራቸው ስር የተኛ ውሻ፣ ምናልባት ምሳቸውን ያልጨረሱ ባልና ሚስት ቢኖሩ ነው፣ ወንበር እንደልብ፣ ባንኮኒው ጋ ያለችውም ልጅ ወሬ ስለናፈቃት ታጫውታችኋለች። ደሞ እዛ ሰፈር ፐቦቹ ተራርቀው ስለሚገኙ ከቀኑ ብዙው በእግር ነው የሚያልፈው፣ እኔን ከጠየቅከኝ ዋናው ጨዋታ ያለውም መንገዱ ላይ ነው። እዛ ምን አለ ላልከው ምንም የለም፣ ጥቅሙም እሱ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። የእንግሊዝ ፓይንት፣ ቢራ የሚቀዱበት ትልቁ መለኪያ፣ 568 ሚሊ ሊትር ነው፣ "አንድ ቢራ" ብለህ እንዳትንቀው። እነሱ የሚለኩት በዩኒት ነው፣ አንድ ዩኒት ማለት 10 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል ነው፣ ስለዚህ 4 በመቶ የሆነ ቢራ አንዱ ፓይንት 2.3 ዩኒት ገደማ ይሆናል። አምስት ፐብ አምስት ፓይንት ካልክ ከ11 ዩኒት በላይ ገባህ፣ የሀገሪቱ የጤና ኃላፊዎች ደሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመክሩት ለወንድም ለሴትም በሳምንት ከ14 እንዳይበልጥ ነው፣ እሱንም በትንሹ ሦስት ቀን ላይ አከፋፍሎ፣ በአንድ ከሰዓት አይደለም። የአንተ ሁለት ጠርሙስ፣ ባለ 330 ሚሊ ሊትርና 5 በመቶ ነው ብለን ብናስብ፣ 3.3 ዩኒት ነው። 4 በመቶ ቢራ በግማሽ ፓይንት፣ ሀፍ የሚሉት፣ ሦስት ብትጠጣ ልክ እዛው ትደርሳለህ። እና ሦስቱ ፐብ ላይ ሀፍ፣ ሁለቱ ላይ ለስላሳ ወይ አልኮል የሌለው ቢራ፣ አለቀ። ሀፍ ማዘዝ ነውር አይደለም፣ ቢራ አዋቂ ነን የሚሉት ራሳቸው ብዙ ዓይነት ለመቅመስ ሀፍ ነው የሚያዙት። ምሳህን በልተህ ሂድ፣ በባዶ ሆድ ቶሎ ነው ወደ ደም የሚገባው።

ወጥመዱ ያለው "ራውንድ" የሚሉት ነገር ላይ ነው። አንዱ ተነስቶ ለሁሉም ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው፣ እንዲህ ተራ በተራ ይዞራል፣ አምስት ሰው አምስት ፐብ ከሆናችሁ ሁሉም አንድ አንዴ ይጋብዛል ማለት ነው። ችግሩ ፍጥነቱን የሚወስነው ቶሎ የሚጠጣው ሰውዬ መሆኑ ነው፣ ያንተ ገና ሳይጋመስ ሁለተኛው ፊትህ ይደረደራል። በነሱ ዘንድ ትንሽ መጠጣት ማንም አይቆጥርብህም፣ ሲጋበዝ ውሎ ተራው ሲደርስ ስልክ እያወራ ውጪ የሚወጣውን ሰው ግን አይረሱትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ፐብ ገና ስትገቡ "የመጀመሪያው የኔ ነው" በልና ግዛ፣ ከዛ በኋላ ነጻ ሰው ነህ፣ ሀፍ ብትል፣ ለስላሳ ብትል፣ "ይቺን እለፉኝ" ብትል ምንም አይሉህም። በገንዘብ ትንሽ ትጎዳለህ እርግጥ ነው፣ እነሱ ፓይንት አንተ ሀፍ፣ ግን ለመልመጃ ይሁን በለው።

ቁጭ ብለህ አስተናጋጅ አትጠብቅ፣ አትመጣም። ራስህ ባንኮኒው ጋ ሄደህ ታዛለህ፣ እዛው ትከፍላለህ፣ ተሸክመህ ትመለሳለህ። ሰልፍ የለም ግን ማን ቀድሞ እንደመጣ ቀጂውም ሰዉም ያውቃል፣ ገንዘብ ማውለብለብና ማፏጨት የለም። የቢራው መቅጃ እጀታዎች ላይ የየቢራው ምልክት ተለጥፎ ታያለህ፣ አንዱ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ጀርባው ብቻ ከታየህ ያ ቢራ አልቋል ማለት ነው፣ ዝም ብለህ ቀጣዩን ምረጥ። ካስክ ኤል የሚሉት በእጅ እየተሳበ ከምድር ቤት የሚቀዳ ቢራ አለ፣ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ነው የሚቀርበው፣ ስለዚህ "ቢራዬ ሞቀ" ብለህ እንዳትጣላ። እሱ ቢራ በርሜሉ ከተከፈተ ሦስት ቀን ገደማ ነው ጥሩ ሆኖ የሚቆየው፣ ማክሰኞ ከሰዓት ጭር ባለ ፐብ ደሞ ጠጪ ስለሌለ ሳይሸጥ የሚሰነብት አይጠፋም፣ ስለዚህ "ብዙ የሚሄደው የትኛው ነው?" ብለህ ጠይቅና እሱን ውሰድ። ቅምሻ ብትጠይቅም ይሰጡሃል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለህ በጨዋ ደንብ መልስ፣ ደህና ቤት ከሆነ ይቀይሩልሃል። ውሃም ጠይቅ፣ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ እዛው ለሚጠጣ ሰው የቧንቧ ውሃ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለባቸው።

አንድ የቀረኝ፣ ልጆቹ ሰዓቱን አይተውት እንደሆነ ጠይቃቸው። ዳር ሰፈር ያሉ ፐቦች በሳምንቱ መጀመሪያ አንዳንዶቹ ጭራሽ አይከፍቱም፣ አንዳንዶቹ ምሳ ሰርተው እስከ ማታ ይዘጋሉ፣ እና ሃያ ደቂቃ ተጉዘህ የተዘጋ በር ስታይ ያናድዳል። ድሮማ ነገሩ ጭራሽ አይታሰብም ነበር፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኛው ሰክሮ ስራ እንዳይበድል ብለው ፐቦች ከሰዓት በኋላ እንዲዘጉ አደረጉ፣ ጦርነቱ ቢያልቅም ሕጉ ሳይነሳ ቆየ፣ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 5 እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ሳይዘጉ መዋል የተፈቀደላቸው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። እሁድ ደሞ በ1995 እ.ኤ.አ.።

ጥያቄ፦ እኔም እንግሊዝ ነኝ፣ እኛ ሰፈር ያለው ፐብ አንድ ለእናቱ ነው፣ ግን ግቢው የትምህርት ቤት ግቢ ነው የሚያክለው። ጓደኛዬ ሰፈር ደሞ ጭራሽ የለም። ለምንድነው እንደዚህ የሚሆነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺው ምናልባት በ1920ዎቹና 30ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተሰሩት ነው። ያኔ አዳዲስ ሰፈሮች ሲስፋፉ ቢራ ጠማቂዎቹ በየጥጋጥጉ ያሉ ትንንሽና ጨለማ መጠጥ ቤቶችን ትተው ትልልቅ፣ አትክልት ቦታ፣ ምግብ ቤትና መኪና ማቆሚያ ያላቸውን "የተሻሻሉ" ፐቦች መስራት ጀመሩ፣ ሚስትም ልጅም ይዞ የሚመጣበት እንዲሆን። ፈቃድ ሰጪዎቹም እነሱን ነበር የሚወዱት፣ ብዙ ትንንሽ ከሚሆን ጥቂት ትልልቅ ይሁን ነው ሀሳቡ። ለዚህ ነው ዳር ሰፈር ላይ ፐብ ክሮል የእግር ጉዞ የሚሆነው።

ጭራሽ የሌለበት ደሞ መስራቾቹ ስላልፈለጉ ሊሆን ይችላል። በርሚንግሃም ያለው ቦርንቪል የካድበሪ ቸኮሌት ቤተሰብ የመሰረተው ሰፈር ነው፣ ኩዌከሮች፣ ማለትም መጠጥ የሚነቅፉ የአንድ ክርስቲያን ማኅበር አባላት፣ ስለነበሩ ፐብ እንዳይገባበት አድርገው ነው ያቆሙት። ሌችወርዝ የአትክልት ከተማማ ብሶ በ1907 እ.ኤ.አ. ፐብ የሚመስል፣ ወንበሩም ጨዋታውም ያለው ግን አልኮል የማይሸጥ ቤት ከፍተው ነበር። ለማክሰኞ ጓደኛችን የሚሆን ቤት ነበር፣ አምስቱንም ዙር እዛው ይጨርስ ነበር።

ጥያቄ፦ እኛም እንደዛ እየዞርን እንጠጣለን፣ መኪና የምይዘው እኔ ነኝ። መጨረሻ ላይ ሁለት ቡና ጠጥቼ ትንሽ ነፋስ ተቀብዬ ብነዳ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ቡና እንቅልፍህን ነው የሚያባርረው፣ አልኮሉን አይነካውም፣ ነፋሱም ቀዝቃዛ ሻወሩም እንደዛው። ጉበት በሰዓት አንድ ዩኒት ገደማ ነው የሚያጣራው፣ አታስቸኩለውም፣ ከሰዓት አምስት ፓይንት የጠጣ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ራሱ ገና ላይጨርስ ይችላል። ለሚነዳ ሰው የእንግሊዝ ወሰን በ100 ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም አልኮል ነው፣ ስኮትላንድ ከሆንክ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 50 ነው፣ ግን ይህን ያህል ዩኒት ጠጥቼ ይህን ያህል ይወጣኛል ብለህ ማስላት አትችልም፣ እንደ ሰው ክብደት፣ እንደበላኸው፣ እንደጠጣህበት ፍጥነት ይለያያል። መኪናውን ቤት ተውና ባስ ያዙ፣ የመጨረሻውን ፐብ ፌርማታ አጠገብ ያለውን አድርጉት።