ልጆች ይዞ መውጣት በጅማ፦ ጠይቁኝ

ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቋ 11፣ ትንሹ 2 ዓመቱ ነው። ጅማ ተወልጄ ጅማ ያደግኩ ነኝ። እሁድ እሁድ ከቤት ማውጣት ከጀመርን ቆየን። ከሰመረልን ቀን የተበላሸብን ይበዛል፣ ስለዚህ ቢያንስ ምን እንደማይሠራ አውቃለሁ። ወዲህ በሉ።

የ4 እና የ7 ዓመት ልጆች አሉኝ። መጀመሪያ የት ልውሰዳቸው?

ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ሽቅብ ነው። ከትንንሽ ልጅ ጋር በእግር እንዳትሞክሪው። ባጃጅ ኮንትራት ያዢ፣ ደርሶ መልስ ብለሽ ሂሳቡን ከመነሳትሽ በፊት ተነጋገሪ። ታሪክ ላይ ብዙ አትጨነቂ። አስጎብኚው ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን እንደገዙ ሲያስረዳን ትልቋ ልጄ አቋረጠችውና “ንጉሡ የሚተኙት የት ነው?” አለችው። ሰውዬው ስቆ ከዚያ በኋላ ለሷ ብቻ ማውራት ጀመረ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ የምነግራቸው እንደዛ ነው፤ የት ተኙ፣ ምን በሉ፣ ማን ፈራቸው። የእንጨቱን በረንዳና ደረጃ አሳዪያቸው፣ ከዛ ከኮረብታው ላይ ሆነው ሰፈራቸውን ይፈልጉ። የኔዎቹ በዚህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይከራከራሉ። በዚያው ቀን ሙዚየምም፣ ገበያም፣ ኬክ ቤትም አትጨምሪ። አንድ ቀን አንድ ቦታ። ሁለተኛው ቦታ ላይ ነው ለቅሶ የሚጀመረው።

ቦዬ ጉማሬ አለ ይባላል። ልጆች ይዞ መሄድ አያስፈራም?

አለ። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ከከተማው ወጣ እንዳልክ የምታገኘው ረግረግ ነው። መጀመሪያ የሄድን ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም አላየንም። መካከለኛው “ድንጋይ ነው ያለው” ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ያ ድንጋይ ጆሮውን አራገበና ውሃ ፉፍ አደረገ! እስካሁን ያወራዋል። ግን ሁልጊዜ አይታይም፣ ስለዚህ ቤት ሳለህ ጉማሬ እናያለን ብለህ ቃል አትግባ። ወፍ ልናይ ነው በላቸው፣ ወፍ አይጠፋም።

ማስፈራቱን በተመለከተ፣ አዎ ያስፈራል፣ መፍራትም አለብህ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ በሱና በውሃው መሀል የቆመን ሰው አይምርም። ስለዚህ ከዳርቻው ራቅ በሉ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳያልፍ ተመለሱ። ሲመሽ ደግሞ የወባ ትንኝም አለች። ልጆቹ እግራቸውን ውሃው ውስጥ እንዳይነክሩ። ቀንድ አውጣ ያለበት የረጋ ውሃ ቢልሃርዚያ ያመጣል፣ ይህን ብዙ ወላጅ ይረሳዋል።

ዝናቡስ? የጅማን ነገር ታውቀዋለህ።

አውቀዋለሁ እንጂ! ከሰኔ እስከ መስከረም ጠዋት 2 ሰዓት ወጥታችሁ 6 ሰዓት ላይ ቤት ግቡ፣ ከሰዓት በኋላውን ለዝናቡ ተዉለት። ከኅዳር እስከ ጥር ነፃ ናችሁ። መብረቅ ካለ ዛፍ ስር መጠለል የለም፣ ባጃጅ ካልተገኘ የሰው ቤት አንኳኩ፣ ጅማ ነው፣ ማንም አይከለክላችሁም።

ምን ምግብ ልያዝ?

ጭኮ። አይበላሽም፣ አይፈስም፣ ትንሽ በልተው ይጠግባሉ። ለሚጾም ልጅ ቆሎና ሙዝ። አቮካዶ ሳይቆረጥ ከቢላ ጋር ያዙ። ወጥ ያለበት ነገር ይቅርባችሁ፤ አንዴ ሽሮ በፌስታል ይዤ ወጥቼ ቦርሳዬ ሳምንት ሙሉ ሸተተ። ውሃ ከምታስቡት እጥፍ ያዙ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ቀዝቀዝ ቢልም ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ኮፍያ አትርሱ።

ሽንት ቤት እንዴት ታደርጋላችሁ?

ከሁሉ የሚከብደው ይኼ ነው። ከቤት ሲወጡ ባይመጣቸውም ሁሉንም አስገባለሁ። መንገድ ላይ ካፌ ገብቼ ሻይ አዛለሁ፣ ልጆቹ ይገባሉ። ሻይዋ የሽንት ቤት ኪራይ ናት። ሶፍት፣ ሳሙና፣ ቅያሪ ሱሪ ኪሴ ውስጥ አይጠፋም።

ብር የለኝም። ያለ ወጪ የት እንሄዳለን?

አዌቱ ወንዝ ዳር፣ በእግር። ወይ ደግሞ ሐሙስ ትምህርት ከሌለ ገበያ። ለእያንዳንዳቸው 20 ብር ስጥና ራሳቸው ተከራክረው ይግዙ። ልጄ አንድ ጊዜ አንድ ሎሚ ብቻ ገዝታ እንደ ጀግና ተመለሰች። የጅማ በርጩማ የሚጠርቡ ሰዎች ካገኘህ ቆም በልና ልጆቹ ይዩ፣ ፍልጥ በርጩማ ሲሆን ማየት ከየትኛውም መጫወቻ አያንስም። ገበያ ውስጥ ትንሹን ግን አዝለው።

ከከተማ ወጣ ማለት ብንፈልግስ?

በቦንጋ መንገድ በለጠ የሚባል ጫካ አለላችሁ። ጉሬዛ ይታያል፣ ብስኩት አትወርውሩለት። የቡና ነገር ከሆነ የምትፈልጉት በአጋሮ በኩል ጮጬ ነው፤ ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚያ ነው ይባላል፣ ለልጅ የፍየሎቹ ተረት ይበቃዋል። ጥቅምትና ኅዳር ሂዱ፣ ቀይ ፍሬ ራሳቸው ይለቅማሉ። ግን ሕፃን ካላችሁ ጉዞው ረጅም ነው፣ እኔ ትንሹ 2 ዓመት እስኪሞላው አልሞከርኩትም።

የ12 ዓመት ልጄ ከስልኩ አይነሳም። እንዴት ላውጣው?

ጓደኛውን ጥሪለት። ከእናት ጋር መታየት ያፍራል እንጂ መውጣት አይጠላም።

ከተመለስን በኋላ ልጄ እግሩን ይበላኛል ይላል።

በባዶ እግሩ ሮጦ ነበር? ጣቶቹ መሀልና ጥፍሩ ዙሪያ በብርሃን እየው። መሀሉ ጥቁር ነጥብ ያለው ነጭ እብጠት ካየህ ሙጀሌ ነው። ቤት ባለ መርፌ አትቆፍረው፣ ጤና ጣቢያ ውሰደው። በሚቀጥለው ጊዜ ሸፋኝ ጫማ አድርግለት፣ ሰንደል አይደለም።