መልስ፦ አስም ላለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል ለምን ይከለከላል?

ወንድሜ፣ «እናቴን ፕሮፕራኖሎል ከለከሏት፤ የልብ መድኃኒትንና አስምን ምን አገናኛቸው?» ላልከው፦ የሚያገናኛቸው በሴል ሽፋን ላይ ያሉት ተቀባዮች፣ ሪሴፕተር የሚባሉት ናቸው። አድሬናሊን የተባለው የሰውነት ሆርሞን ልብ ላይ በብዛት ያለውን ቤታ 1 ሲነካ ልብ ይፈጥናል፤ የአየር ቧንቧ ጡንቻ ላይ ያለውን ቤታ 2 ሲነካ ደግሞ ቧንቧው ይከፈታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ፕሮፕራኖሎልን ያበለጸገው የልብን የኦክስጅን ፍላጎት ለመቀነስ ነበር፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ በ1988 ኖቤል ተሸልሞበታል። ነገር ግን መድኃኒቱ ሁለቱንም ተቀባዮች ይዘጋል፤ ቧንቧው ሊጠብ ይችላል። የአስም መንፊያው ሳልቡታሞል ግን ቤታ 2ን ይቀሰቅሳል። አቴኖሎል የተባለው ሌላ የልብ መድኃኒት ይበልጥ ቤታ 1ን መርጦ ይዘጋል፣ መጠኑ ሲጨምር ግን ምርጫው ይላላል። እናትህ ቀድሞ ጀምረውት ከነበረ በድንገት አያቋርጡ፤ ዛሬውኑ ሐኪማቸውን ያማክሩ።