ኮላው እስኪደርቅ ችግኝ አጠጣለሁ
የትርፍ ጊዜ አምድ፤ የእናንተ ጥያቄ፣ የእኔ መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ሁለት ነገር እወዳለሁ። አንደኛው ጓሮዬ ነው። ቲማቲም፣ በሶብላና ጽጌረዳ አለኝ። ሁለተኛው በ1፡72 ስኬል፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ፣ የፕላስቲክ አውሮፕላን መገጣጠም ነው። ከሥራ ስመለስ ያለኝ ጊዜ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። አትክልቱን ስንከባከብ ሞዴሉ አቧራ ይለብሳል። ሞዴሉ ላይ ስቀመጥ ችግኙ ይጠወልጋል። ባለቤቴ ደግሞ የምግብ ጠረጴዛው ሁሌ በፕላስቲክ ቁርጥራጭ እንደተያዘ ነው፣ ሽታውም አስቸገረኝ ትላለች። እውነቷን ነው። አንዱን ልተው ይሆን? የቱን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንዱንም አይተዉ። ደብዳቤዎን ሳነብ ከዓመታት በፊት የነበርኩትን እኔን ያየሁ መሰለኝ።

እኔም ሁለቱን እንደ ባላንጣ ነበር የማያቸው። ቅዳሜን ለጓሮ፣ እሑድን ለሞዴል ብዬ ከፈልኩ። አልሆነም። ችግኝ ቅዳሜ እስኪደርስ አይጠብቅም። ሞዴልም በሳምንት አንዴ ብቻ ሲነካ እጅ ይረሳዋል። በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። ሁለቱም ላይ ከምንሠራበት ጊዜ የምንጠብቅበት ይበልጣል። የቲማቲም ዘር ሙቀት ካገኘ ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ ብቅ ይላል። እስከዚያ አፈሩን ከማርጠብ በቀር የሚደረግለት የለም። ኢናሜል የሚባለውን የዘይት ቀለም የተቀባ ክንፍም እስከ ማግስቱ ባይነካ ይሻላል። እንግዲህ አንዱ ሲያስጠብቅዎ ሌላውን መሥራት ነው።

የእኔ ምሽት እንዲህ ነው። ቤት እንደገባሁ፣ እጄ ገና ንጹሕ ሳለ፣ ሁለቱን የክንፍ ግማሾች አጣብቄ በልብስ መቆንጠጫ እይዛቸዋለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የፕላስቲክ ሞዴል ማጣበቂያ እንደ ተራ ኮላ አይደለም። ፕላስቲኩን ራሱን አሟሙቶ ነው አንድ የሚያደርገው። ቶሎ ከነካኩት የጣት አሻራዎ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ አስቀምጬው፣ ብርሃን ሳይጠፋ ወደ ጓሮ እወጣለሁ።

ጓሮ ውስጥ መጀመሪያ ጣቴን አፈር ውስጥ እሰዳለሁ። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ወርዶ እርጥብ ከሆነ አላጠጣም። ቲማቲም ተጠምቶ ከርሞ በአንዴ ሲጥለቀለቅ ፍሬው ከታች በኩል ይጠቁራል። በቅጠሉና በግንዱ መሃል የምትወጣውን ቡቃያ እቀነጥሳለሁ። የበሶብላውን ጫፍ አበባ ሳያወጣ እቆርጣለሁ። አረም ካለ እነቅላለሁ። ይህ ሁሉ ሃያ ደቂቃ ነው። ከዚያ እጄን እስከ ጥፍሬ ሥር ታጥቤ ሸሚዝ እቀይራለሁ። ሸሚዙ የግድ ነው። ከእጅጌ ላይ የረገፈች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በብርጭቆ ወረቀቱ ሥር ከገባች የለሰለሰውን ክንፍ ትጭረዋለች። ጓሮ ሄደው ከመጡ በኋላ ብርጭቆ ወረቀቱንም በውሃ እየነከሩ ይጠቀሙ። አቧራውን ይይዝልዎታል።

ከጊዜው በላይ ግን ሌላ ጥቅም አለ። ቀለም መቀባትን ያስተማረኝ ጓሮዬ ነው። ያረጀች የእጅ ጋሪ አለችኝ፣ አፈር የማመላልስባት። ዝናብ ጥሏት በነጋታው አየኋት። ጭቃው እኩል አልደረቀም። ጠርዝ ጠርዙ ነጣ ብሏል። ጎማው ከብረቱ የሚገናኝበት ስንጥቅ ውስጥ ግን ገና ጥቁር ነው። ከእያንዳንዱ ብሎን በታች ደግሞ ቀጭን የዝገት መስመር ወርዷል፤ ከላይ ወፈር፣ ወደ ታች ሳሳ እያለ። እኔ እስከዚያ ቀን ሞዴል መኪና ላይ ጭቃ የምቀባው በአንድ ቡናማ ቀለም ነበር። ያን ማታ ሦስት ዓይነት ቡናማ በጠበጥኩ። ጨለማውን ስንጥቅ ውስጥ፣ ፈዛዛውን ጠርዝ ላይ አደረግሁ። የሠራሁት መኪና መንገድ የሄደ መኪና የመሰለው ያኔ ነው። እርስዎም አውሮፕላንዎን ከመቀባትዎ በፊት የውሃ ባልዲዎን እጀታ ይመልከቱ። እጅ የሚይዘው ቦታ ቀለሙ የቱ ጋ እንደተላጠ ይዩ። የበረራ ክፍል በር አካባቢም ቀለም የሚላጠው እንደዚያው ነው።

ሁለቱ ፍቅሮች ተጋብተው ስመ ጥር የሆነ ቦታ ያፈሩበት ጊዜም አለ። እንግሊዝ አገር ቤኮንስኮት የሚባል የሞዴል መንደር አለ። ሮላንድ ካሊንግሃም የተባለ አካውንታንት በገዛ አትክልት ስፍራው ጀመረው። ለሕዝብ የተከፈተው በ1929 እ.ኤ.አ. ነው። ቤቶቹ በ1፡12 ስኬል ናቸው። ከጎናቸው ያሉት ተክሎች ግን ሕያው ናቸው። ከቤቶቹ ጋር እንዲመጣጠኑ ያለማቋረጥ ይገረዛሉ። እዚያ አትክልተኛው ከሌለ ሞዴሉም የለም።

ስለ ባለቤትዎ፦ ጠረጴዛውን ይመልሱላት። 60 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ይፈልጉና ዙሪያውን ጣት ከፍታ ያለው ጠርዝ ያድርጉለት። ሥራዎ በሙሉ እዚያ ላይ ይዋል። ሲጨርሱ ከነቁርጥራጩ አንስተው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት። ጠርዙ ትንንሽ ክፍሎች እንዳይወድቁም ይይዛል። ሽታው ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። የማጣበቂያና የቲነር ትነት ለሳንባ ጥሩ አይደለምና መስኮት ይክፈቱ፣ ክዳኑን በየጊዜው ይግጠሙ፣ መኝታ ቤት ውስጥ አይሥሩ። በውሃ ወደሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ቢዞሩ ሽታው በጣም ይቀንሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ችግኝ የሚወደውን መስኮት ሞዴል አይወደውም። ቦታ ሲጠበኝ አንዲት ቀይ አውሮፕላን ከችግኝ ትሪው ጎን አስቀመጥኩ። ከወራት በኋላ ፀሐይ ያገኘው ጎኗ ደብዝዞ፣ ነጭ ምልክቶቿ ቢጫ ሆነው አገኘኋት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መስኮቱን ለችግኝ፣ ጥላውን ለሞዴል ያድርጉ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ በ1፡87 የባቡር መንደር እየሠራሁ ነው። ዛፎቹን ከጓሮዬ በቆረጥኳቸው ቅርንጫፎች፣ ሣሩን ከድንጋይ ላይ በፋቅሁት ሽበት ሠራሁ። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ቡናማ ሆነ፣ ከሥሩም ነጭ ሻጋታ ወጣ። የጓሮ ነገር ለሞዴል አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ ይሆናል፣ እህቴ። እንዲያውም ከሚገዛው ይበልጥብኛል። ሁለት ነገር ነው የተሳሳተብሽ።

አንደኛው እርጥበት ነው። እርጥብ ነገር ላይ ነጭ ኮላ ስታፈሺ ሻጋታን ቤት ሠራሽለት ማለት ነው። ቅርንጫፉን አየር በሚያገኝ ጥላ ቦታ ዘቅዝቀሽ ስቀይው። ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆይ። እንዳይሰባበር ከፈለግሽ ሳታደርቂው በፊት አንድ እጅ ግሊሰሪን በሁለት እጅ ሙቅ ውሃ በጥብጠሽ ግንዱን አቁሚበት። ግሊሰሪኑ በውሃው ቦታ ስለሚገባ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። አፈርም ከሆነ በሻይ ማጥለያ ንፊውና ምድጃ ውስጥ 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ግማሽ ሰዓት አቆይው። ውስጡ ያለው የነፍሳት እንቁላልና የአረም ዘር ይሞታል። ከዚያ ማግኔት አሳልፊበት። ይህን አትዝለይ። ብዙ አፈር ውስጥ ጥቃቅን ብረት አለ፣ የባቡርሽ ሞተር ውስጥ ከገባ ያበላሸዋል።

ሁለተኛው ልኬት ነው፣ ይሄኛው ይበልጥ ያስቆጨኛል፤ ያማረን ሥራ ይገድላልና። በ1፡87 ስኬል 1 ሴንቲ ሜትር ቅጠል 87 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ2 ሴንቲ ሜትር ሰውዬሽ ጎን እንዲህ ያለ ቅጠል ያለው ዛፍ ስታቆሚ ዓይን ወዲያው ይነቃል። ስለዚህ ቅጠሉን ተዪው፣ አጽሙን ብቻ ውሰጂ። የደረቀ የቲማቲም ተክል ስትነቅይ ሥሩን አትጣይው። እጠቢ፣ አድርቂ፣ ገልብጪው። ወደ ታች የነበረው ሥር ወደ ላይ ሲሆን ቅርንጫፉ የተንዠረገገ ትልቅ ዛፍ ይሆናል። የደረቀ የእንስላል አበባም ጃንጥላ መሰል አጽሙ ለቀጫጭን ዛፎች ይሆናል። 10 ሜትር ዛፍ ለአንቺ 11.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በዚያ ቁረጪ። በፀጉር ስፕሬይ አርጥበሽ ጥቃቅን የስፖንጅ ፍርፋሪ ነስንሺበት፤ ያ ነው ቅጠሉ። አረንጓዴውን ከውስጥ ጠቆር፣ ከጫፍ ፈካ አድርጊው። ጓሮሽ ወጥተሽ አንድ ቁጥቋጦ ብታዪ እንዲሁ ነው።

መሬቱን ስታጣብቂ ኮላውን በእኩል ውሃ አቅጥነሽ አንድ ጠብታ የሳህን ሳሙና ጨምሪ። ያለ ሳሙናው ጠብታው አፈሩ ላይ ይንከባለላል እንጂ አይገባም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 16 ነው። የአውሮፕላኑን መስታወት በሱፐር ግሉ አጣበቅሁት። በማግስቱ እንደ ጭጋግ ነጭ ሆነ። ይድናል?

መልስ፦ ይድናል፣ አይዞህ። ጭጋጉ የሱፐር ግሉ ትነት ነው፤ መስታወቱ ላይ አርፎ ነጭቷል። መስታወቱ ከተላቀቀልህ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ከውሃ ጋር በቀስታ እሸው። ከዚያ በጨርቅ ላይ ትንሽ የጥርስ ሳሙና አድርገህ እያሸህ አጥራው። ሲበቃው አጥበህ አድርቀው፣ አንድ ስስ ንብብር አንጸባራቂ አክሪሊክ ቬርኒሽ ቀባው። ካልተላቀቀ አትታገለው፣ ይሰበራል። ከውጭ ያለውን ብቻ አጥራ።

ለሚቀጥለው ግልጽ ፕላስቲክ ነጭ ኮላ ተጠቀም። በስቴኪኒ ጫፍ ጠርዙ ላይ ብቻ አድርግ። የተረፈውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል።