ላብራቶሪ የለንም ለምትሉ የፊዚክስ ልጆች

ልጆች እንዴት ሰነበታችሁ። ሰሞኑን ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ አንድ ማስተርስ የሚማር ልጅ አስቁሞኝ "ጋሼ፣ ላብራቶሪ በሌለበት በሞለኪውል ውስጥ ስለሚያልፍ ኤሌክትሮን ማጥናት ምን ዋጋ አለው?" አለኝ፣ ቆሜ የመለስኩለት አልበቃኝም፣ ማታ ጋቢዬን ደርቤ ይሄን ጻፍኩ።

ዋጋማ አለው። ዘርፉ ራሱ እኮ ከወረቀት ነው የተነሳው፣ አቪራምና ራትነር የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1974 አንዲት ሞለኪውል ብቻዋን እንደ ዳዮድ (ከረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያሳልፍ ዕቃ) ልትሠራ ትችላለች ብለው ሲጽፉ አንዲት ሞለኪውል በሁለት ብረት መሀል ይዞ የለካ አልነበረም። እነ ሪድ በወርቅ ጫፎች መሀል ለካን ያሉት በ1997 ነው። ከዛ ቴዎሪስቶቹ ሲያሰሉት ደግሞ ከተለካው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ከረንት መጣ፣ ለምን ቢባል ሞለኪውሏ ወርቁን እንዴት እንደነካችው ትንሽ ሲለወጥ መልሱ በጣም ይለወጣል። እኔን እስከዛሬ የያዘኝ ይሄ ነው።

ጣርማበርን ታውቁታላችሁ፣ ዋሻው ባይቆፈር መኪናው ሽቅብ ተራራውን መውጣት ነበረበት። ኤሌክትሮን ግን ማንም ሳይቆፍርለት ጉልበቱ የማያወጣውን ግድግዳ አልፎ ወዲያ ማዶ ሊገኝ ይችላል፣ ዕድሉ ግን ግድግዳው ሲረዝም ቶሎ ያልቃል፤ በካርቦን ሰንሰለት አንድ ካርቦን በጨመርክ ቁጥር ከረንቱ ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። ከፊዚክስ ሊቁ ላንዳወር የወረስነው እሳቤም ኮንዳክታንስ (ከረንት የማሳለፍ አቅም) የሚወሰነው በኤሌክትሮኑ የማለፍ ዕድል ነው የሚል ነው፣ በአንድ ቻናል (ኤሌክትሮኑ በሚያልፍበት አንድ መንገድ) ዕድሉ ሙሉ 1 ቢሆን እንኳ ሪዚስታንሱ ዜሮ አይሆንም፣ 12.9 ኪሎ ኦም ነው።

አሁን የምለምናችሁ ነገር፣ ሶፍትዌሩን ከመክፈታችሁ በፊት በእጃችሁ ሥሩ። እኔ ወጣት ሆኜ አንድ ኮድ ጽፌ በጣም የሚያምር ግራፍ አወጣሁ፣ ሦስት ሳምንት እሱን ሳሳምር ከረምኩ፣ ሴሚናር ላይ አንድ ሽማግሌ መምህር ጣታቸውን ጫፉ ላይ አድርገው "ልጄ፣ በአንድ ቻናል ዕድል ከ1 በላይ እንዴት ይሆናል?" አሉኝ። ሞለኪውሏ ከብረቱ ጋር ያላትን ግንኙነት ጥንካሬ በክፍልፋዩ ከላይ እጥፍ አድርጌ ከታች ረስቼው ነው። ኮምፒውተሩ ምንም አላለኝም፣ የጠየቁትን ነው የሚመልሰው፣ እኔ ደግሞ ምን መምጣት እንዳለበት ሳላውቅ ነበር የጠየቅኩት።

በሁለት ብረት መሀል አንድ ብቻ የኢነርጂ ደረጃ አስቀምጡ፣ ደብተር ላይ ያልቃል። ግራና ቀኙ እኩል ከተያያዘ ጉልበቱ ልክ ደረጃው ላይ ሲደርስ ዕድሉ 1 ይሆናል፣ ይሄ የማይገርመው ሰው ካለ ደግሞ ቁጭ ብሎ ይየው፣ ግንኙነቱ በሁለቱም በኩል ደካማ ቢሆን እንኳ እኩል እስከሆነ ድረስ ሙሉ በሙሉ ነው የሚያልፈው። መብራት ቢጠፋም በሻማ የሚሠራ ነው።

መንገድ ላይ ያስቆምከኝ ልጅ፣ ይሄን ካነበብክ የአንዱን ወገን ግንኙነት (ጋማውን) ከሌላው አሥር እጥፍ አድክመህ፣ ጉልበቱ ልክ ደረጃው ላይ ሲሆን ዕድሉን አስላውና ደብተርህን ይዘህ ና፣ 0.33 ካልመጣልህ አብረን እናየዋለን።