ስለ ዣክ ታቲ ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ስለ ፈረንሳዊው ተዋናይና ዳይሬክተር ስለ ዣክ ታቲ ጥቂት ብዬ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላቋረጠም። ዛሬ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። የሰውየውን ፊልሞች ለዓመታት ስመላለስባቸው ኖሬአለሁ፤ ረጃጅሞቹ ስድስት ብቻ ስለሆኑ ደጋግሞ ማየት አይከብድም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። «ታቲ» የፈረንሳይ ስም ነው እንዴ?

መልስ፦ አብሮ ይስጥልን። ሙሉ ስሙ ዣክ ታቲሼፍ ነው። አያቱ ፓሪስ በነበረው የሩሲያ ኤምባሲ የሚሠሩ ሩሲያዊ መኮንን ነበሩ። እሱ መድረክ ላይ መውጣት ሲጀምር ስሙን አሳጠረው። የተወለደው ኦክቶበር 9 ቀን 1907፣ ፓሪስ አጠገብ ባለችው ለ ፔክ ነው። ቤተሰቡ የሥዕል ፍሬም ይሠራ ስለነበር እሱም ያንኑ ሙያ እንዲይዝ ነበር የታሰበው። ልጁ ግን ልቡ ራግቢ ላይ ነው። ከግጥሚያ በኋላ ቡድኑ ራት ሲቀመጥ ይነሳና የዕለቱን ጨዋታ እንዳለ ያሳያቸዋል፤ ተጫዋቹንም ዳኛውንም ሆኖ። ከዚያ በ1930ዎቹ ይህንኑ ይዞ ወደ ፓሪስ የትርዒት አዳራሾች ገባ። ቴኒስ፣ ቦክስ፣ ፈረስ ግልቢያ፣ ሁሉንም ያለ ቃል በአካሉ ብቻ ይጫወተዋል። ፈረሱም ጋላቢውም እሱ ነው። ደራሲዋ ኮሌት በ1936 አይታው በታላቅ አድናቆት ጽፋለታለች።

ጥያቄ፦ ሚስተር ቢን ከእሱ የተቀዳ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ተቀዳ እንኳ አይባልም። ቢንን የሚጫወተው ሮዋን አትኪንሰን፣ ታቲ ራሱ የሚጫወተውን ገጸ ባሕርይ የሙሴ ኡሎን («ሙሴ» በፈረንሳይኛ «አቶ» እንደማለት ነው) ፊልም በወጣትነቱ አይቶ እንደተማረከበት፣ ቢን ሲፈጠርም ተጽዕኖው እንደነበረበት ራሱ ተናግሯል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታያቸው ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው። ቢን ከራሱ ሌላ ማንንም አያስብም። ኡሎ ደግሞ ሰው ላለማስቸገር ሲጠነቀቅ ነው ሁሉንም የሚያተራምሰው።

ጥያቄ፦ ፈረንሳይኛ አልችልም፤ የአማርኛ ትርጉምም አላገኘሁም። ባየው ይገባኛል?

መልስ፦ በደንብ ይገባሻል እህቴ። በታቲ ፊልም ውስጥ ንግግር እንደ ነፋስ ወይም እንደ መኪና ጡሩምባ ከድምፆች አንዱ ነው። ብዙውን ድምፅ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ አንድ በአንድ ነው የሚገነባው። በ1953ቱ «የሙሴ ኡሎ የእረፍት ጊዜ» ውስጥ የሆቴሉ ምግብ ቤት በር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ጅማቱ እንደተነካ ክራር «ድም» ይላል። ማንም አያስጠግነውም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሩ ባይታይም ድምፁን ብቻ ሰምተሽ አንድ ሰው መግባቱን ታውቂያለሽ። መጀመሪያ ላይ ደግሞ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል፤ የሚለው ለፈረንሳዮቹም አይሰማም። ተሳፋሪው ሻንጣውን ተሸክሞ ከአንዱ መሳፈሪያ ወደ ሌላው ይሮጣል። ቋንቋ የሚያውቀውም የማያውቀውም እዚያ ላይ እኩል ነው።

እናቴ አንድም የፈረንሳይኛ ቃል አታውቅም፤ «አጎቴ» የሚለውን የኡሎ ፊልም ግን አብራኝ አይታ ጨርሳዋለች። እዚያ ውስጥ አንዲት የባለፋብሪካ ሚስት አለች፤ የኡሎ እህት ናት። ግቢዋ መሐል አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ ዓሣ የሚመስል ፏፏቴ አስተክላለች። የበሩ ደወል ሲጮህ ሮጣ ትከፍተዋለች፤ ዓሣው ውሃ መትፋት ይጀምራል። የመጣው ወንድሟ ወይም ዕቃ አመላላሽ ከሆነ ወዲያው ትዘጋዋለች። እናቴ ይህን ስታይ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችና «ይቺማ የኛ ቡፌ ናት!» አለች። ቡፌ ውስጥ ተቆልፎ ለትልቅ እንግዳ ብቻ የሚወጣውን የብርጭቆ ስብስቧን ማለቷ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ታቲ ለማስረዳት ብዙ አልደክምም።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያውን ረጅም ፊልሙን አንዴ በጥቁርና ነጭ፣ አንዴ በቀለም አየሁት። የቱ ነው ትክክለኛው?

መልስ፦ ሁለቱም የእሱ ናቸው። «የበዓል ቀን» የተቀረጸው በ1947 ሴንት ሴቬር በምትባል የገጠር ከተማ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ የተጠጋባት አካባቢ ናት። የከተማዋን ሰዎችም አሳትፎበታል። ታቲ ራሱ ፍራንሷ የሚባል ፖስተኛ ይሆናል፤ በበዓሉ ድንኳን ስለ አሜሪካ ፖስታ ቤት ፍጥነት የሚያሳይ ፊልም ያያል፤ በማግስቱ ብስክሌቱን ይዞ «እኔም እንደ አሜሪካኖቹ» ይላል። ቶምሰን በሚባል አዲስ የቀለም ፊልም ነበር ያነሣው፤ ፋብሪካው ግን ለሲኒማ የሚሆን ቅጂ ማተም አቃተው። ደግነቱ ታቲ ጠንቃቃ ስለነበር አጠገቡ ሁለተኛ ካሜራ በጥቁርና ነጭ ያስቀርጽ ነበር፤ በ1949 ለሕዝብ የታየው ያ ነው። የቀለሙ ፊልም ግን አልተጣለም። ልጁ ሶፊ ታቲሼፍ ከአንድ የካሜራ ባለሙያ ጋር ደክማ በ1995 አወጣችው። አባትየው ከሞተ 13 ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ የቀለሙን እመርጣለሁ፤ አባቷ ያሰበው እሱን ነውና።

ጥያቄ፦ ሙሴ ኡሎ ምኑ ያስቃል? ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው ነው እኮ።

መልስ፦ አካሄዱን እየው እስቲ! ረጅም ነው፤ ሱሪው አጭር፣ ፒፓው አፉ ላይ፣ ሰውነቱ ወደፊት ያዘነበለ። የሚራመደው ወለሉን እንዳያስቀይም የሰጋ ይመስላል። አንድ ትዕይንት ብቻ ልንገርህ። የኡሎ አሮጌ አሚልካር መኪና መቃብር ቦታ ደጃፍ ላይ ይቆምበታል። የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ ከመኪናው ሲያወጣ መሬት ላይ ይወድቅና የረገፈ ቅጠል ይለጠፍበታል። ውስጥ ቀብር አለ። አንድ የቀብሩ ሰው ያየውና የአበባ ጉንጉን የመጣ መስሎት በአክብሮት ተቀብሎ ይወስደዋል። ኡሎ አይደለም ብሎ ማሳፈር አልቻለም። ቀስ በቀስ ራሱን ከሐዘንተኞቹ ሰልፍ ውስጥ ቆሞ ያገኘዋል፤ ሰዎች እጁን እየጨበጡ ያጽናኑታል። ወዲያ ደግሞ «ጉንጉኑ» እየተነፈሰ ነው። ይሉኝታ የሚገባው ሰው ይህን ሲያይ መሳቅ ብቻ አይደለም፣ ጨጓራው ይጨመደዳል።

ጥያቄ፦ ኦስካር አግኝቷል?

መልስ፦ አዎ። «አጎቴ» በ1958 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት አገኘ፤ በማግስቱ ዓመት በምርጥ የውጭ ቋንቋ ፊልም ኦስካር ወሰደ። በዚያ ሰሞን ሆሊውድ ሊያስደስተው ምን እንደሚፈልግ ሲጠይቀው፣ ታቲ ያረጁትን የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያን ማየት ነው የፈለገው፤ ስታን ሎረልን፣ በስተር ኪተንን፣ ማክ ሴኔትን። በክብሩ ቀን ሄዶ መምህሮቹን እጅ የነሣ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ፊልም አከሰረው ሲባል ሰምቻለሁ። እንዴት አንድ ፊልም ሰው ያከስራል?

መልስ፦ ይሄ የሰውየው የሕይወት ታሪክ እምብርት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ከኦስካሩ በኋላ ታቲ የፈለገውን መሥራት ይችል ነበር። ሌላ የኡሎ ፊልም ቢሠራ ገንዘቡ ዝግጁ ነው። እሱ ግን ስለ አዲሲቷ ፓሪስ፣ ስለ መስታወትና ብረት ሕንጻዎቿ መሥራት አማረው። እውነተኛ ሕንጻ ውስጥ ለዓመታት መቅረጽ አይቻልም፤ ስለዚህ ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የራሱን ከተማ ሠራ። «ታቲቪል» አሏት። የተነጠፈ መንገድና የራሷ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበራት። ከሕንጻዎቹ አንዳንዶቹ ጎማ ስለነበራቸው እንደ ካሜራው ፍላጎት ይገፋሉ። በሩቅ የሚታዩት ሰዎች አንዳንዶቹ የካርቶን ፎቶግራፎች ናቸው። ቀረጻው በ1964 ተጀምሮ እስከ 1967 ዘለቀ። አውሎ ነፋስ መጥቶ የተሠራውን ጎዳው፤ ገንዘብ አልቆ ሥራው የቆመበት ጊዜ ብዙ ነው። ታቲ ተበደረ። የቀድሞ ፊልሞቹን መብት ሳይቀር አስያዘ።

«ፕሌይታይም» በዲሴምበር 1967 ወጣ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ነበር። የተቀረጸው በ70 ሚሊ ሜትር ሰፊ ፊልም ስለሆነ ትልልቅ አዳራሽ ይፈልጋል፤ ታቲም በሌላ አይታይም አለ። ተመልካቹ ኡሎን ብሎ መጣ፤ ኡሎ ግን አንዴ ብቅ ይላል፣ አንዴ ይጠፋል፣ እንዲያውም እሱን የሚመስሉ ሌሎች ሰዎች ያልፋሉ። ታቲ ይህን ያደረገው አውቆ ነው። ሳቁ የአንድ ሰው ብቻ እንዳይሆን፣ አስተናጋጁም ቱሪስቷም ድርሻቸውን እንዲያገኙ ነበር የፈለገው። ሰው ግን ሲኒማ ቤቱን አልሞላም። ፊልሙን ደጋግሞ አሳጠረው፤ አልዳነም። ድርጅቱ ከሰረ፤ ሴን ዠርማን ያለው የቤተሰብ ቤት ሄደ፤ የፊልሞቹ ባለመብትነት ከእጁ ወጣ። ከተማይቱን እንኳ ለወጣት ፊልም ሠሪዎች ትተርፋለች ብሎ ነበር፤ ፈረሰች።

በ2012 ሳይት ኤንድ ሳውንድ መጽሔት የዓለም ተቺዎችን ሲጠይቅ ይህ ፊልም ከ50ዎቹ ምርጦች አንዱ ሆኖ ተቆጠረ። ለታቲ ግን አልደረሰለትም፤ ይሄ ሁሌም ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ «ፕሌይታይም»ን ሁለቴ ሞከርኩ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አጠፋሁት። ታሪክ የለውም።

መልስ፦ በስልክ ካየኸው አልፈርድብህም። ምስሉ ሰፊ ነው፤ በአንድ ጊዜ አራት አምስት ነገር ይሆናል፤ የቱን እይ ብሎ አያመለክትህም። ትልቅ ቴሌቪዥን ፈልግና ከሬስቶራንቱ ጀምር። ገና ተሠርቶ ያላለቀ ሬስቶራንት ሊመረቅ ነው። የመስታወቱ በር ተሰብሮ ይረግፋል። ዘበኛው እጀታውን ብቻ አየር ላይ ይዞ ለሚገባው እንግዳ ሁሉ «ይከፍታል»፣ «ይዘጋል»። እንግዳውም ደስ ብሎት ይገባል፤ በሩ እንደሌለ ልብ የሚል የለም። እዚያ ላይ ካልሳቅህ ተመልሰህ ንገረኝ፤ ሌላ ትዕይንት እፈልግልሃለሁ።

ጥያቄ፦ የካዳት ልጅ ነበረችው የሚባለውስ?

መልስ፦ እውነት ነው፣ አላልፈውም። በ1942 አብራው ትሠራ ከነበረች ተወዛዋዥ ልጅ ወልዶ አላሳደጋትም። በ1944 ሌላ ሴት አግብቶ ሁለት ልጆች አፍርቷል። በ1950ዎቹ ስለ አንድ አስማት አሳዪና ስለ አንዲት ወጣት ልጅ የጻፈውንና ያልሠራውን ድርሰት ሲልቫን ሾሜ በ2010 በአኒሜሽን አውጥቶታል፤ ያኔ ድርሰቱ ለየትኛዋ ልጁ ነው የሚለው ክርክር ተነሥቷል። ፊልሞቹን እወዳለሁ፤ ይህን ግን በፊልሞቹ አላጣፋለትም።

ጥያቄ፦ ከኪሳራው በኋላ ምን ሠራ? ለልጆቼስ የቱን ላሳያቸው?

መልስ፦ በ1971 «ትራፊክ»ን ሠራ፤ የኡሎ የመጨረሻ ፊልም ነው። ከዚያ በ1974 «ፓራድ» አለ፤ ሰርከስ ውስጥ የተቀረጸ ሲሆን ያንኑ የወጣትነቱን ቴኒስ፣ ቦክስና ፈረስ በሽምግልናው ይጫወትበታል። በ1977 ሴዛር የሚባለው የፈረንሳይ የፊልም ሽልማት ለክብር ተሰጠው። በኖቬምበር 1982 ፓሪስ ውስጥ ዐረፈ።

ለልጆች «የሙሴ ኡሎ የእረፍት ጊዜ»ን አሳያቸው። ኡሎ የጀልባ ቀለም ሲቀባ ቆይቶ በትንሿ ታንኳ ባሕር ውስጥ ሲገባ ልብ በል። ታንኳዋ መሐሏ ተሰብራ እንደ አፍ ትከፈትና ትዘጋለች፤ ዳር ላይ ያለው ሰው ሻርክ መጣ ብሎ ይሸሻል። ይህ ክፍል በ1953ቱ ቅጂ እንዲህ አልነበረም። ታቲ በ1978፣ ዕድሜው ሰባ ካለፈ በኋላ፣ ወደዚያው ወደ ሴን ማርክ ባሕር ዳርቻ ተመልሶ፣ ያኔ ዓለምን ያስፈራውን የሻርክ ፊልም አስቦ አዲስ ቀርጾ የጨመረው ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ ገንዘብ ሳይኖረው፣ አንዲት ሳቅ ይበልጥ እንድትሳካ ብሎ።