በካታሎግ ዱቤ ላይ ስለተለጠፈው መድን፦ ጥያቄና መልስ

እንግሊዝ አገር በካታሎግ (ዕቃ ከመጽሔት መርጦ በፖስታ በማዘዝ) ወይም በሱቅ ካርድ በዱቤ ስትገዙ አብሮ ስለተሸጠላችሁ መድን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ መጣ። ጠበቃ አይደለሁም። ለንደን ውስጥ ወገኖቻችን ከባንክና ከዱቤ ሻጭ ጋር ሲጋጩ አቤቱታ በመጻፍና ጉዳዩን የገንዘብ ተቋማት ላይ የሚቀርብ አቤቱታን እስከሚዳኘው እስከ ፋይናንስ እንባ ጠባቂው ድረስ በመከታተል እረዳለሁ። የሚቀራረቡትን ጥያቄዎች አዋህጃለሁ። የሒሳብ ቁጥራችሁን ግን እባካችሁ ለማንም አትላኩ፣ ለእኔም ቢሆን።

ጥያቄ፦ ከካታሎግ የልጆች ልብስና የቤት ዕቃ በዱቤ እወስድ ነበር። በየወሩ በሚመጣልኝ መግለጫ ላይ «የሒሳብ ሽፋን» የሚል ክፍያ አለ። መድን ገዛሁ ብዬ አላውቅም። የምትሉት ይህን ነው?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ እርሱ ነው። እዚህ አገር በአጭሩ ፒፒአይ ይሉታል። ሥራ ብታጪ፣ ብትታመሚ ወይም አደጋ ቢደርስብሽ የወር ክፍያሽን ለተወሰነ ጊዜ ይከፍልልሻል የተባለ መድን ነው። ሻጮቹ ግን መድን ብለው በስሙ መጥራት አይወዱም ነበር፤ «ሽፋን»፣ «ጥበቃ» ይሉታል። ብዙ ሰውም የአገልግሎት ክፍያ እየመሰለው ለዓመታት ከፍሏል። ዓረቦኑ፣ ማለትም የመድኑ ክፍያ፣ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው፤ ለእያንዳንዱ 100 ፓውንድ ዕዳ ይህን ያህል እየተባለ። ዕዳው ሲጨምር ዓረቦኑም ይጨምራል፤ ዓረቦኑ ደግሞ ራሱ ከዕዳው ጋር ተደምሮ ወለድ ይታሰብበታል። በወር ሲታይ ትንሽ ስለሆነ ማንም አይጨነቅበትም፤ የአሥር ዓመቱ ሲደመር ግን ሌላ ነገር ነው።

መድኑ በራሱ ወንጀል አይደለም። ጥፋቱ አሸጣጡ ላይ ነው። «ያለዚህ ዱቤው አይፈቀድልሽም» ብለው ከሆነ፣ ማመልከቻው ላይ ሣጥኑ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ከነበረ፣ ስልክ ላይ ሳይጠይቁሽ ካስገቡሽ፣ ወይም ስለ ሥራሽና ስለ ጤናሽ አንድም ቃል ሳይጠይቁ ከሸጡልሽ ያለ አግባብ የተሸጠ ነው።

ጥያቄ፦ ጊዜው አልፏል ይሉኛል። በቃ፣ ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለአብዛኛው ሰው አልፏል። የፋይናንስ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ለአቤቱታ ያስቀመጠው የመጨረሻ ቀን ኦገስት 29 ቀን 2019 ነበር። የፊልም ተዋናዩ የአርኖልድ ሽዋርዜኔገር ሰው ሠራሽ ጭንቅላት «ወስኑ» እያለ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሲጮህ የነበረው ለዚህ ነው። ያ ማስታወቂያ ስንቱን የእኛን ሰው እንዳልደረሰው ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል። ከ2011 ጀምሮ ከ38 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ለሕዝብ ተመልሷል፤ ከእኛ ሰፈር የሄደው አቤቱታ ግን ጥቂት ነው። «ጊዜው አልፏል» የሚለው መልስ የማይሠራባቸው ጉዳዮች ግን አሉ፤ ከታች ባሉት ጥያቄዎች ውስጥ ይመጣሉ። ከእነዚያ ሌላ፣ እንደ ከባድ ሕመም ያለ ልዩ ምክንያት በጊዜው ከማመልከት አግዶት የነበረ ሰው በማስረጃ ካቀረበ ሊታይለት ይችላል።

ጥያቄ፦ የታክሲ ሾፌር ነኝ፣ ሥራው የራሴ ነው። የካታሎግ ሒሳቤ እስካሁን ክፍት ነው፤ መድኑንም እስካሁን እከፍላለሁ። ባለፈው ዓመት ወገቤን ታምሜ ከሥራ ስወጣ መድኑ ይክፈልልኝ ብዬ ጠየቅሁ። «በግልህ ስለምትሠራ አይመለከትህም» አሉኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ጉዳይ ገና በሕይወት አለ። ከኦገስት 2019 በኋላ መድኑ እንዲከፍልህ ጠይቀህ «ውሉ አንተን አያካትትም» በሚል ከተከለከልህ፣ ስለ አሸጣጡ አቤት የማለት መብትህ በዚያ ቀን አልተዘጋም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሊጠቅምህ የማይችል ነገር እንደሸጡልህ ያወቅኸው ገና ሲከለክሉህ ነው።

የጻፉልህን የክልከላ ደብዳቤ አትጣል። ከእጅህ ካለው ወረቀት ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው፤ መድኑ ለአንተ እንደማይሆን በራሳቸው ፊርማ መስክረውልሃል። አቤቱታውን የምትጽፈው ለመድን ድርጅቱ ሳይሆን መድኑን ለሸጠልህ ለካታሎጉ የዱቤ ድርጅት ነው። አጭር ይሁን። መቼ ሒሳቡን እንደከፈትህ፣ በስልክ ይሁን በፖስታ፣ በዚያን ጊዜ ምን ሥራ ትሠራ እንደነበር፣ ስለ ሥራህ ጠይቀውህ እንደሆነ ወይም እንዳልጠየቁህ፣ መቼ እንደታመምህና ምን ብለው እንደከለከሉህ ጻፍ። መጨረሻ ላይ የምትፈልገውን በግልጽ ተናገር፦ የከፈልሁት ዓረቦን በሙሉ፣ በእርሱ ላይ የታሰበው ወለድ፣ በዚያም ላይ በየዓመቱ የሚታሰብ የካሳ ወለድ ይከፈለኝ ብለህ። የማታስታውሰውን «አላስታውስም» በል። ተጋንኖ ከተጻፈ አቤቱታ ይልቅ ቀኑን የማያስታውስ እውነተኛ ሰው ይታመናል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ስልክ ላይ ሲያናግሩኝ «የስ፣ የስ» ብዬ ነው የጨረስሁት። አፍሬ ለማንም አልተናገርሁም። እኔም በድያለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም! እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ ልመልሰው ፈልጌ ነበር። ሻጩ የሚሸጠውን ነገር ግልጽ በሆነና በማያሳስት መንገድ የማስረዳት ግዴታ አለበት፤ መድን መሸጥ በሕግ ቁጥጥር ሥር ከገባ ከጃንዋሪ 2005 ወዲህ ይህ የተጻፈ ደንብ ነው። አንቺ ቋንቋውን አለማወቅሽ የሻጩን ግዴታ ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም። ስለዚህ አትደብቂው፤ አቤቱታሽ ላይ ጻፊው። «በዚያን ጊዜ አገሩ ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ የተነገረኝን አልተረዳሁም፣ በፍላጎቴ የሚገዛ መድን መሆኑንም ማንም አላስረዳኝም» በይ፣ እውነት ከሆነ። እንባ ጠባቂው ዘንድ ስትደርሺ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ አይከፈልበትም። ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ፤ የእናቱን ዕዳ በመስማት ልጅ ሊጨነቅ አይገባም።

ጥያቄ፦ አቤቱታዬን ለድርጅቱ ከላክሁ ስምንት ሳምንት አለፈ፤ መልስ የለም።

መልስ፦ የፋይናንስ እንባ ጠባቂው ዘንድ ሂዱ። ስምንት ሳምንት ካለፈ ወይም ከዚያ በፊት «የመጨረሻ መልሳችን ይህ ነው» የሚል ደብዳቤ ከመጣ መሄድ ትችላላችሁ። ነገር ግን ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ያላችሁ ስድስት ወር ብቻ ነው። መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣችሁት ቀኑ እንዳያመልጣችሁ። አገልግሎቱ በነጻ ነው፤ ውሳኔውንም ከተቀበላችሁት ድርጅቱ የግድ ይፈጽማል። ካልተቀበላችሁት ፍርድ ቤት የመሄድ መብታችሁ ይቀራል።

ጥያቄ፦ «ፕሌቪን» የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ጓደኛዬ በእርሱ ገንዘብ አገኘሁ አለኝ።

መልስ፦ ወይዘሮ ፕሌቪን 34,000 ፓውንድ ስትበደር 5,780 ፓውንድ የመድን ዓረቦን ተጨመረባት። ከዚህ ውስጥ ለመድን ድርጅቱ የደረሰው 1,630 ብቻ ነበር፤ የቀረውን፣ ማለትም 71.8 በመቶውን፣ ደላላውና አበዳሪው ኮሚሽን ብለው ተካፈሉት። ማንም አልነገራትም። የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2014 ይህን መደበቅ የዱቤውን ግንኙነት ፍትሐዊ ያልሆነ ያደርገዋል ብሎ ፈረደ። ከዚያ በኋላ መድኑ በአግባቡ ተሽጦለት የነበረ ሰው እንኳ፣ ኮሚሽኑ ከ50 በመቶ ካለፈ፣ ከ50 በመቶው በላይ ያለው እንዲመለስለት ተወሰነ። ጓደኛህ ያገኘው ይህን ይሆናል።

በዚህ መንገድ ለድርጅቱም ሆነ ለእንባ ጠባቂው ማመልከት በ2019 ቀርቷል። ፍርድ ቤት ግን በ2023 መገባደጃ በሁለት ውሳኔዎች በሩን ክፍት አድርጎ ትቶታል። በአጭሩ፣ የዱቤ ሒሳቡ ከተዘጋ ስድስት ዓመት ያላለፈው ሰው ሊከስ ይችላል፤ ኮሚሽኑ ሆን ተብሎ ተደብቆ ከሆነ ደግሞ የጊዜው አቆጣጠር ከዚህ ሊዘገይ ይችላል። እኔ የምመክረው ግን የከፈላችሁት ዓረቦን በሺህ የሚቆጠር ካልሆነ ወደዚያ አትቸኩሉ። የፍርድ ቤት ክፍያ አለ፣ ብትሸነፉ ወጪ አለ። መጀመሪያ ነጻ ምክር ወደሚሰጥ የሕግ ማዕከል ሂዱ።

ጥያቄ፦ አንድ ድርጅት ደውሎ «4,000 ፓውንድ ካሳ ጸድቆልዎታል፣ ለማስለቀቅ 150 ይክፈሉ» አለኝ። እውነት ይሆን ልጄ?

መልስ፦ አይደለም እናቴ። አይክፈሉ፣ የባንክዎንም ነገር አይንገሩ፣ ስልኩን ይዝጉት። ካሳ ለመስጠት አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ እውነተኛ ተቋም የለም። ከፍለው ከሆነ ዛሬውኑ ለባንክዎ ይደውሉ።

በሕጋዊ መንገድ በሰው ስም አቤቱታ የሚያቀርቡ ድርጅቶች መኖራቸው እውነት ነው፤ ለዚህ መድን የሚወስዱት ከሚገኘው ገንዘብ 20 በመቶና ቫቱ እንዳያልፍ በሕግ ተገድቧል። ያንንም ቢሆን ለምን ይሰጧቸዋል? የሚጽፉት እርስዎ የነገሯቸውን ነው።

ጥያቄ፦ ወረቀት የለኝም። ከአድራሻ አድራሻ ስዛወር ጠፍቷል።

መልስ፦ ድርጅቱ ስለ አንተ የያዘውን መረጃ ሁሉ እንዲልክልህ በጽሑፍ ጠይቅ። በመረጃ ጥበቃ ሕጉ መሠረት በአንድ ወር ውስጥ በነጻ ሊሰጥህ ይገባል። የቀድሞ አድራሻዎችህንና የልደት ቀንህን አብረህ ጻፍ። ስምህ በፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት፣ ካታሎጉ ዘንድ በሌላ ፊደል ተጽፎ ከሆነ ሁለቱንም ስጣቸው፤ የእኛ ሰው ፋይል «አልተገኘም» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሒሳቡ ከተዘጋ ብዙ ዓመት ካለፈው ግን መዝገቡን አጥፍተውት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ካታሎጉ ከስሯል። ማንን ልጠይቅ?

መልስ፦ የፋይናንስ አገልግሎት ካሳ ድርጅት የሚባል በሕግ የተቋቋመ አካል አለ፤ የከሰረው ድርጅት በእነርሱ ዝርዝር ውስጥ ካለ በነጻ ማመልከት ትችላላችሁ። የ2019ኙ ቀን ለእነርሱ አይሠራም። መጀመሪያ ግን ሒሳቡን ሌላ ድርጅት ገዝቶት እንደሆነ አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ የእኔ የድሮ አይደለም። ባለፈው ዓመት በኢንተርኔት ቴሌቪዥን በዱቤ ስገዛ የዕቃ መድን አብሮ ገባብኝ።

መልስ፦ ይህ ፒፒአይ ስላልሆነ የ2019ኙ ገደብ አይነካሽም። አጠቃላዩ ደንብ ከተሸጠልሽ ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት፣ ወይም ችግሩን ካወቅሽ ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው፤ የሚረዝመው ይወሰዳል። ደግሞም አስቀድሞ ምልክት በተደረገበት ሣጥን እንዲህ ያለ ተጨማሪ መድን መሸጥ ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ ተከልክሏል። ዛሬ አሰርዢው፣ ከዚያ አቤቱታሽን ላኪ። ሒሳቡን ስትከፍቺ ያየሽው ገጽ ፎቶ ካለሽ አያይዢው።

ጥያቄ፦ ካሳው ሲመጣ ታክስ ተቀንሶበታል። ልክ ነው?

መልስ፦ የተቀነሰው በካሳው ላይ ከተጨመረልህ ወለድ ላይ ብቻ መሆኑን ተመልከት፤ ከራሱ ከዓረቦኑ ላይ ታክስ የለም። ገቢህ ዝቅተኛ ከሆነ የተቀነሰውን ከታክስ መሥሪያ ቤቱ አር40 በሚባለው ቅጽ ማስመለስ ትችላለህ፤ ካሳው የተከፈለበት የታክስ ዓመት ካለቀ በኋላ አራት ዓመት ጊዜ አለህ። በዚያው ሒሳብ ላይ ያልከፈልኸው ውዝፍ ካለ ደግሞ ድርጅቱ ካሳውን መጀመሪያ ለውዝፉ ሊያውለው ይችላል፤ ገንዘቡ እጅህ ሳይገባ ቢቀር ይህ መሆኑን አስቀድመህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ አሁን አዲስ አበባ ተመልሼ ነው የምኖረው። ከዚህ ሆኜ አቤት ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ። የሚታየው መድኑ የተሸጠው እንግሊዝ አገር መሆኑ ነው እንጂ አንተ ዛሬ የት እንደምትኖር አይደለም። በኢሜይል ላክ፣ መልሱም በኢሜይል እንዲመጣ በጽሑፍ ጠይቅ። ገንዘቡ የሚገባበት የእንግሊዝ ባንክ ሒሳብ ከሌለህ ያንንም ከመጀመሪያው ደብዳቤህ ላይ አስታውቃቸው፤ አለዚያ በቀድሞ አድራሻህ ቼክ ይልኩብሃል።